የእድራችን ቤት ሲፈርስ መዝገቡ የት ገባ?

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ትውልድ አገርሽ አንድ ነገር ንገሪን» ሲሉኝ ስለ ሳነቴ አምባ ወይም ስለ ሶፍ ዑመር ዋሻ የማወራ መስሏቸው ይሆናል። እነሱን ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። እኔ ዛሬ የማነሳላችሁ ሄዳችሁ ልታዩት የማትችሉትን፣ ጎባ ከተማ መሀል የነበረ አንድ ቤት ነው። የእድራችን ቤት ነበር። መንገድ ሲሰፋ ፈርሷል።

ቤቱ የሚያምር አልነበረም። ግድግዳው የባሕር ዛፍ እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ አንድ ነው። ጎባ እንደምታውቁት ከፍታ ላይ ናት፤ ከሳነቴ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። በክረምት በዚያ ቤት ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይከናነባል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዳኛው የሚሉት አይሰማም። ውስጡ ድንኳን ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ብረት ድስቶች ተደራርበዋል፤ አግዳሚ ወንበሮች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ጥግ ላይ ቃሬዛ አለ። ከበሩ በስተቀኝ ደግሞ ቁልፍ ያላት አንዲት ትንሽ የእንጨት ቁም ሣጥን ነበረች። መዝገቦቹ የሚቀመጡት እዚያ ነው። የቁም ሣጥኗ ቁልፍ ብዙ ዓመት የኖረው በአባቴ ኪስ ውስጥ ነበር። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ የእድሩም ጸሐፊ።

ለወጣቶቹ አባሎቻችን፣ በተለይም አፓርታማ ውስጥ ላደጋችሁት፣ እድር ምን እንደሆነ ባጭሩ ልናገር። እድር ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝን፣ በየወሩ መዋጮ የሚሰበስብ የጎረቤት ማኅበር ነው። እንዲህ በአባልነትና በመዋጮ፣ በጽሑፍ ደንብና በመዝገብ የተደራጀው እድር ብዙዎች እንደሚያስቡት ጥንታዊ አይደለም። ያጠኑት ሰዎች እንደሚሉት የተስፋፋው ከሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ፣ ሰዎች ከየገጠሩ ወደ አዲስ አበባ ሲፈልሱ ነው፤ በዚህ ረገድ የጉራጌ ተወላጆች ስም በቀዳሚነት ይነሳል። በጣሊያን ወረራ ጊዜና ከዚያ በኋላ ደግሞ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ዘመድ በሌለበት ከተማ የሚሞት ሰው ማን ይቀብረዋል? እድር የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው። በወሎ ቅሬ ይሉታል፤ በሐረር አፎቻ አለ። ስሙ ይለያያል እንጂ ጥያቄው አንድ ነው።

ጎባም የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ከያለበት የመጣ ሰው የሚኖርባት ነበረች። የመንግሥት ሠራተኛው፣ ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ ከገሰራና ከዲንሾ በኩል የገባው ገበሬ፣ ሁሉም አለ። እናቴ የገሰራ ልጅ ናት። የእኛ እድር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት ያለበት ነበር። ሙስሊም ሲሞት ቀብሩ በዕለቱ ስለሆነ ጡሩምባ ነፊው ሳይነጋ ይወጣ ነበር። የድንኳኑ ምግብ ንፍሮና ዳቦ ስለሆነ «ይህ ለእኔ አይሆንም» የሚል ሰው አልነበረም። ስብሰባ ሲከፈት አንድ ሼክ ዱዓ ያደርጋሉ፣ አንድ ቄስ ይባርካሉ፤ ከዚያ ስም ጥሪ ይጀመራል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። በየወሩ በስብሰባው እሑድ አባቴን ተከትዬ እሄድ ነበር። ሥራዬ እስክሪብቶ መያዝ ነው፤ ሰማያዊው ለከፈለ፣ ቀዩ ላልከፈለ። አባቴ ስም ይጠራል፤ «አቤት» የሚል አለ። ዝም ሲል ግን ቤቱ በሙሉ ዞር ዞር ይላል። «እሷ ሰውዬ ባለፈውም አልነበረም'ኮ»፣ «ሚስቱ ታማለች መሰለኝ»፣ «የለም፣ ራሱ ነው፣ ደም ይተፋል ሲሉ ሰምቻለሁ»። ከዚያ ሁለት ሰዎች ይመደቡና ያንኑ ዕለት ሄደው ያያሉ። አስፈላጊ ከሆነ ያ ጥግ ላይ የቆመው ቃሬዛ ይወጣል። ቃሬዛው ከሬሳ ይልቅ በሽተኛ ይሸከም እንደነበር ያወቅሁት ትንሽ ካደግሁ በኋላ ነው። ምጥ የጠናባትን ሴት ወደ ሆስፒታል ያደረሰው እሱ ነው።

የሕክምና ትምህርት ቤት ገብቼ፣ መምህራኖቻችን በጠዋት ራውንድ ከአልጋ አልጋ ሲያዞሩን «ይህን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ» ብያለሁ። የማውቀው ከእድራችን ቤት ነበር። ልዩነቱ እኛ ሆስፒታል የምንጠራው የመጣውን በሽተኛ ነው፤ አባቴ የሚጠራው የቀረውን ነበር። ከሃያ ዓመት ሥራ በኋላ ዛሬም የሚያሳስበኝ የቀረው ነው። ቀጠሮው አልፎ ያልመጣው የደም ግፊት በሽተኛ፣ መድኃኒቱን ያቋረጠው የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ። ለዚያ ሰው እኛ ዘንድ ካርድ አለ፤ «የት ገባ?» ብሎ ዞር ዞር የሚል ቤት ግን የለም።

ኢንተርን ሆኜ ለዕረፍት ጎባ በመጣሁ ጊዜ አባቴ አረጀሁ ብሎ ጽሕፈቱን ለሌላ ሰው ሊያስረክብ ነበር። መዝገቦቹን አብሬው ቆጠርኩ። ዘጠኝ ነበሩ። ያን ዕለት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በሐኪም ዓይን ያየኋቸው። እድር ለሟች ቤተሰብ ገንዘብ ስለሚሰጥ ማን እንደሞተ፣ መቼ እንደሞተ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ይጽፋል። አባቴ ደግሞ ከዚያ አልፎ ቤተሰቡ የነገረውን ምክንያት ይጽፍ ነበር። «በሳል»፣ «በወሊድ፣ ከነልጇ»፣ «በድንገት»፣ «በምች»። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ «ለረጅም ጊዜ ታሞ»፤ የእኔ ዘመን ሐኪሞች ይህ በጨዋ ቋንቋ ምን ማለት እንደነበር ታውቁታላችሁ። ገጹን ስገልጥ ከሰዎቹ ስም በስተጀርባ የከተማዋ በሽታዎች ሲፈራረቁ ይታዩኝ ጀመር። በአንድ ገጽ ላይ ከላይ እስከ ታች ሕፃናት ብቻ ነበሩ፤ ከሁሉም ፊት ለፊት «በኩፍኝ» ይላል።

በዚያ ገጽ ላይ አንድ መስመር አለ። የአባቴ ስም፣ ከዚያ «ልጅ፣ ወንድ፣ 1 ዓመት ከ3 ወር»። ከገንዘቡ ትይዩ «አልተቀበለም» ተብሎ ተጽፏል፤ የእጅ ጽሑፉ የራሱ የአባቴ ነው።

ከእኔ በፊት ወንድም እንደነበረኝ አላውቅም ነበር። ቤታችን ውስጥ ፎቶግራፉ የለም፤ የልደት ወረቀት በዚያን ጊዜ ማንም አልነበረውም፤ ስሙን የሚያነሳ ሰው አልሰማሁም። የክትባት ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ እሱ ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው የሞተው። አባቴን ቀና ብዬ አየሁት። እሱም ገጹን አይቶ «ቀጥዪ፣ ልጄ» አለኝ። ቀጠልኩ። ገንዘቡን ለምን እንዳልተቀበለ ጠይቄው አላውቅም፤ አሁን እሱም የለም።

ይህን ያነሳሁት ላሳዝናችሁ አይደለም። አንድ የሙያ ነጥብ አለኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ልደትና ሞት የሚጻፍበት «የክብር መዝገብ» እንዲኖር ደንግጎ ነበር። ነገር ግን ያው ሕግ መጨረሻው ላይ፣ ይህ ክፍል ወደፊት በትእዛዝ ቀኑ እስኪወሰን ድረስ ይቆይ አለ። ያ ቀን ሳይመጣ ከሃምሳ ዓመት በላይ አለፈ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ነው። እስከዚያ ድረስ በአንድ ተራ ኢትዮጵያዊ ከተማ ውስጥ ሰው ሞቶ ስሙ የት ይጻፋል? ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የየራሳቸውን ያውቃሉ። ሆስፒታል እዚያ የሞተውን ይጽፋል፤ አብዛኛው ሰው ግን የሚሞተው ቤቱ ነው። ሁሉንም በአንድ ላይ፣ በቀኑ፣ በገንዘብ ያዥና በዳኛ ፊርማ የሚጽፈው እድር ነበር። ገንዘብ ስለሚወጣበት ያልሞተ አይጻፍም፤ የሞተም አይረሳም። ከዚህ የተሻለ ጥንቃቄ ያለው የሞት መዝገብ አገራችን አልነበራትም።

እንዲህ ያለ መዝገብ ምን እንደሚሠራ በዓይናችን አይተናል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ መካነ መቃብሮች የሚፈጸሙ ቀብሮችን መመዝገብ ጀመሩ። ነፃ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. መሰጠት ሲጀምር፣ የአዋቂዎች ሞት በፍጥነት መውረዱን በከተማ ደረጃ ያሳየው ያ የቀብር ቆጠራ ነው። እኛ ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ በዋርዶቻችን ያየነው ሰው የመትረፉ ነገር እውነት መሆኑን ያረጋገጡልን የመቃብር ጠባቂዎችና ጸሐፊዎች ናቸው ማለት ነው።

እድር ለሕክምና ዋስትና መሠረት ሊሆን ይችላል ወይ የሚለውን የኅብረተሰብ ጤና ምሁሩ ዳመን ኃይለማርያም ያጠኑት ብዙዎቻችን ገና ተማሪዎች ሳለን ነው። በ2003 ዓ.ም. ገደማ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ሕዝቡ ነገሩን ለመረዳት ብዙ አልተቸገረም። በጤና ጊዜ አዋጥቶ በችግር ጊዜ መውሰድን ከእድሩ ያውቀዋላ!

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። እኛ ባሌዎች «ሎጅ» ሲባል የቱሪስት ማረፊያ ነው የሚመጣልን። በእንግሊዝና በአሜሪካ ግን ሎጅ ማለት የወንድማማች ማኅበር ቅርንጫፍና መሰብሰቢያ ቤቱም ጭምር ነው። «ኦድ ፌሎውስ» የሚባሉት ለምሳሌ፣ የማንችስተሩ ኅብረት በ1810 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመሠረተ ነው። ሠራተኛው በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም ያዋጣል፤ ሲታመም ይጦራል፤ ሲሞት ይቀበራል፤ ልጆቹ ይረዳሉ። የታመመ አባል መጠየቅ ግዴታ ነው። እድር ነው በሉት! አንዳንዶቹ ሐኪም በኮንትራት ይቀጥሩ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ አባል በዓመት አንድ ወይም ሁለት ዶላር ይከፈለው ነበር። የሙያ አጋሮቻችን ማኅበራት ይህን አሠራር «ዋጋ ያረክሳል» ብለው አጥብቀው ተቃውመዋል። እንግሊዝ በ1911 የመጀመሪያውን የጤና መድን ሕግ ስታወጣ ግን አስፈጻሚ ያደረገቻቸው እነዚህኑ ማኅበራት ነው። በ1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎቷ ሲቋቋም ማኅበራቱ ሥራቸው ቀለለ፣ አባላቸው ሳሳ፤ በየከተማው መሀል የነበሩ አዳራሾቻቸውም ብዙዎቹ ተሸጡ፣ ፈረሱ። ልዩነታችን አንድ ነው። እዚያ ቤቱ የፈረሰው ሥራውን ሌላ ተቋም ከተረከበው በኋላ ነው። የእኛ ግን ሥራው ገና ሳያልቅ ነው የሚፈርሰው።

ወደ ጎባ ልመለስ። አባቴን የተኩት ጸሐፊ፣ እኔ «አባባ» የምላቸው ሽማግሌ፣ አንድ ቀን ማታ ስልክ ደወሉልኝ።

«ዶክተር፣ ልጄ፣ ቤቱ ሊነሳ ነው። ድንኳኑንና ድስቱን አንዱ ግቢ እናስገባዋለን። የአባትሽን መዝገብ ምን እናድርገው?»

«አባባ፣ አደራ ይያዙልኝ፤ ከፋሲካ በኋላ መጥቼ እወስደዋለሁ» አልኳቸው።

«እሺ፣ ግን አትቆዪ» አሉኝ።

ቆየሁ። ተረኛ ነበርኩ፣ ከዚያ ስብሰባ ነበረኝ፣ ከዚያ ሌላ ነገር። ስሄድ ሰኔ ገብቶ ነበር። ቤቱ የነበረበት ቦታ አስፋልትና የእግረኛ መንገድ ሆኗል። መንገዱን አልጠላውም፤ አምቡላንስ ያልፍበታል። ዕቃው በሙሉ ተርፏል፤ ድንኳኑ አለ፣ ድስቱ አለ፣ ቃሬዛው እንኳን አለ። መዝገቦቹ ግን በማዳበሪያ ከረጢት ተደርገው አንድ አባል ጓሮ፣ ከዳስ ሥር ነበሩ። ዝናቡ ቀድሞኛል። ግማሹ እንደ ሊጥ ተላቁጧል። የደረቀውን ደግሞ የቤቱ ልጆች እሳት አቀጣጥለውበታል፤ ማን ምን ነገራቸው? አባባ አንገታቸውን ደፍተው «አደራሽን በላሁ» አሉኝ። አደራ የበላሁትስ እኔ ነበርኩ። ከዘጠኙ ሁለቱን ይዤ ተመለስኩ። የኩፍኙ ገጽ ያለበት መዝገብ ከሁለቱ አንዱ አይደለም።

ስለዚህ ወንድሜ በዚህ ዓለም ላይ እንደነበረ የሚመሰክር ወረቀት የለም። ያን መስመር ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ዛሬ ደግሞ እናንተ ሰማችሁት።

እድራችን አልፈረሰም። አሁንም በየወሩ አንድ አባል ግቢ ይሰበሰባል፤ ስም ይጠራል። ከተማ ይቀየራል፤ መቀየሩም አይቀርም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ፣ ነዋሪው ወደየአቅጣጫው ተበተነ። ጎረቤት ሲበተን እድሩም አብሮ ይበተናል። ድንኳኑን ተካፍሎ፣ ብሩን ተከፋፍሎ የሚለያይ አለ። መዝገብ ግን አይከፋፈልም፤ ዋጋ ያለው ስለማይመስል ማንም አይወስደውም። እያንዳንዱ መዝገብ ደግሞ የዚያ ሰፈር የብዙ ዓመት የጤና ታሪክ ነው።

ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ ሦስት ነገር ልለምን።

አንደኛ፣ እያንዳንዳችን ወደ ተወለድንበት ሰፈር ደውለን «የእድራችን የቆየ መዝገብ የት ነው ያለው?» እንበል። ካለ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ጠቅላላ ጉባኤው ከፈቀደ ገጽ በገጽ በስልካችን ፎቶ እናንሳው። ፈቃድ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በእነዚያ ገጾች ላይ የሰው ምስጢር አለ፤ የታካሚ ካርድ እንደምንጠብቅ ልንጠብቀው ይገባል። ዋናው መዝገብ ከእድሩ አይውጣ።

ሁለተኛ፣ መምህራኖቻችን፤ ተማሪዎቻችን ለማኅበረሰብ ሥልጠና በየወረዳው ሲወጡ አንዱ ሥራቸው ይህ ቢሆን ምን ይመስላችኋል? የእድር ጸሐፊ አጠገብ አንድ ከሰዓት ቁጭ ብሎ ስም ጥሪ መስማት ከአንድ ሳምንት ሌክቸር የማይተናነስ ትምህርት አለው።

ሦስተኛ፣ የዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት ለእነዚህ ቅጂዎች አንድ መደርደሪያ ይስጠን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መዝገቦች ቅጂ እኔ አመጣለሁ። እድሩን አስፈቅጃለሁ፤ ሰብሳቢው «እንዳትቆዪ ብቻ» ብለውኛል።

አባቴ ስም ጠርቶ ሲጨርስ መዝገቡን ከመዝጋቱ በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቅ ነበር፤ እኔም በእሱ ጥያቄ ልጨርስ።

«የቀረ ሰው አለ?»